ለግንባታ ሙያ የቱ ግቢ?

በሰሜን ሸዋ ግሼ ወረዳ ካለችው ከራቤል ተነስቶ ኮንስትራክሽን ለመማር የሚያስብ ተማሪና ቤተሰቡ ብዙውን ጊዜ የሚከራከሩት በከተማ ስም ነው። አንዱ ደብረ ብርሃን ቅርብ ነው፣ እሱ ይሻላል ይላል። ሌላው አዲስ አበባ ካልሆነ ሥራ አይገኝም ባይ ነው። ባሕር ዳር የተማረ ዘመድ ያለው ደግሞ ባሕር ዳርን ያነሳል። ክርክሩ ክፋት የለውም፤ ግን ቀድሞ መነሣት ያለበት ሌላ ነገር አለ። በአገራችን አሠራር ተማሪው ዩኒቨርሲቲ የሚመርጥበት ቀንና የሚማረውን ትምህርት የሚመርጥበት ቀን የተለያዩ ናቸው። በመካከላቸው አንድ ዓመት ገደማ አለ። ብዙ ቤተሰብ የሚጨነቀው በመጀመሪያው ቀን ነው፤ የልጁን ሙያ የሚቆርጠው ግን ሁለተኛው ነው።

መጀመሪያ ሙያውን እንለይ። አንድ ሕንፃ እስኪቆም ቢያንስ ሦስት ዓይነት የተማረ ሰው እጅ ያርፍበታል። ሲቪል መሐንዲሱ ምሰሶው ስንት ፌሮ እንደሚይዝ፣ መሠረቱ ምን ያህል መጥለቅ እንዳለበት ያሰላል፤ የመንገድ፣ የውኃና የአፈር ምሕንድስናም የእሱ ትምህርት ነው። የኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት ምሩቁ፣ ተማሪዎች «ኮተም» ብለው የሚያሳጥሩት፣ በወረቀት የተሠላውን ሥራ መሬት ላይ በስንት ብር፣ በስንት ቀን፣ በየትኛው ማሽንና በምን ዓይነት ውል እንደሚፈጸም ያውቃል። ሦስተኛው ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በደረጃ ተመዝኖ የወጣው ባለሙያ ነው፤ ሳይቱ ላይ ቆሞ የሚያሠራው እሱ ነው።

ልዩነቱ በሥራ ላይ ይታያል። ራቤል ውስጥ አራት ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ሊሠራ ነው እንበል። የስትራክቸሩን ዲዛይን አስልቶ የሚፈርምበት ሲቪል መሐንዲሱ ነው። ጨረታው ሲወጣ ዋጋውን የሚገምተው ግን የኮተሙ ሰው ነው። ሲሚንቶው ከየት ይመጣል? በጣርማ በርና በመሐል ሜዳ በኩል ሲወጣ የኩንታሉ ማጓጓዣ ስንት ይሆናል? ክረምት ላይ የጭነት መኪና ይገባል ወይ? አካባቢው ድንጋይ አያጣም፣ ግንበኛም አያጣም፤ ታዲያ ብሎኬት ከሩቅ ከማመላለስ ግድግዳው በድንጋይ ቢሠራ ምን ያህል ብር ይተርፋል፣ ስንት ቀንስ ይጨምራል? ብርዱም በሒሳብ ይገባል። አርማታ በቅዝቃዜ ቶሎ አይጠነክርም። ሌሊት ውርጭ በሚወርድበት ደጋ ትናንት የፈሰሰ ሶሌታ ሳይሸፈን ካደረ ይጎዳል፤ ካሳፎርማውም ቆላ ላይ በሚነሣበት ቀን ደጋ ላይ አይነሣም። የተሠራውን እየለካ የክፍያ ሰርተፍኬት የሚያዘጋጀው፣ ሥራው ከዘገየ መዘግየቱ የማን እንደሆነ ከውሉ አንቀጽ ጋር አያይዞ የሚከራከረውም ይኸው የኮተም ሰው ነው። ፌሮው በትክክል መታሰሩን፣ ካሳፎርማው ውኃ ልኩን መጠበቁን የሚያየው ፎርማን ደግሞ ከቴክኒክና ሙያው ወገን ይሆናል።

በየግቢው ኮተም የሲቪል ደካማ ወንድም ነው የሚል አነጋገር ይሰማል። እኔ አልቀበለውም። በአገራችን ፕሮጀክቶች ላይ የሚታየው ትልቁ ችግር የዲዛይን ስሌት ስህተት ነው ብዬ አላምንም፤ መዘግየት፣ የዋጋ ንረትና የውል ጭቅጭቅ ነው። ለዚህ የሚሆን ሰው የሚያወጣው ትምህርት የሚናቅ አይደለም። ከመግባት በፊት ግን አንድ እውነት ይታወቅ፦ ስትራክቸር ዲዛይን አድርጎ መፈረም የሚፈልግ ልጅ ሲቪል ነው መማር ያለበት። የሥራ ማስታወቂያዎችም ሁለቱን ምሩቃን በእኩል የሚጠሩ አሉ፣ ሲቪልን ብቻ የሚጠሩም አሉ። ወረዳ ላይ የሚወጡትን ማስታወቂያዎች ለጥቂት ወራት እየተከታተሉ ማንበብ ከብዙ ምክር የተሻለ ያስተምራል።

ይህንን ልዩነት በዲግሪ ደረጃ የለዩ አገሮች አሉ። አሜሪካ ውስጥ «ኮንስትራክሽን ኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ» የሚባል ራሱን የቻለ የአራት ዓመት ዲግሪ አለ። አቤት (ABET) የተባለው የዕውቅና ሰጪ ድርጅት ለኢንጂነሪንግና ለኢንጂነሪንግ ቴክኖሎጂ ፕሮግራሞች ሁለት የተለያዩ ኮሚሽኖች አሉት። በዓለም አቀፍ ደረጃም የዋሽንግተን ስምምነት የመሐንዲሶችን፣ የሲድኒው የቴክኖሎጂስቶችን፣ የደብሊኑ የቴክኒሻኖችን ትምህርት አገሮች እርስ በርስ የሚቀበሉባቸው ናቸው። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለ ጥርት ያለ ክፍፍል የለም። ለዚያ ዲግሪ የሚቀርበው ኮተም ነው፤ እሱም እንደ ሌሎቹ የምሕንድስና ትምህርቶች ፍሬሽማን የሚባለውን የመጀመሪያ ዓመት ጨምሮ አምስት ዓመት ይወስዳል።

ወደ በሩ እንምጣ። ምሕንድስና ለመግባት የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ መሆን ግድ ነው። ከዚያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና አለ። ፈተናው በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መሰጠት ከጀመረበት ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ተፈታኝ ጥቂት ነው፦ በ2014 3.3 በመቶ፣ በ2015 3.2 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 8.4 በመቶ። ከእነዚህ ውጪ ያሉ የተወሰኑ ተማሪዎች በሬሜዲያል ፕሮግራም ገብተው፣ ያንን ሲያልፉ ፍሬሽማን ይጀምራሉ። እነዚህን ቁጥሮች ያነሣሁት ለማስፈራራት አይደለም። መቶ ተማሪ ተፈትኖ ዘጠኝ እንኳ በማያልፍበት አገር ለቀሩት ዘጠና አንዱ የሚሆን መንገድ ሳይነግሩ ስለ ዩኒቨርሲቲ ምርጫ ብቻ መጻፍ ትርጉም የለውም። ለእነሱ ያለው መንገድ ቴክኒክና ሙያ ነው፤ እመለስበታለሁ።

ያለፈው ተማሪ የሚፈልጋቸውን ዩኒቨርሲቲዎች በቅደም ተከተል ይሞላል፤ ትምህርት ሚኒስቴር ይመድባል። ምደባው በውጤትና በቦታ ብዛት ስለሚሄድ የሞሉት ሁሉ አይገኝም። ግቢ ከገቡ በኋላ ደግሞ መጀመሪያ ሁሉም የጋራ ትምህርት ይማራል፤ ሎጂክ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ ጂኦግራፊም ጭምር። ወደ ምሕንድስና፣ ከዚያም ወደ ኮተም ወይም ወደ ሲቪል የሚያስገባው በዋናነት የዚያ ዓመት ውጤት ነው። ከገጠር የሄደ ልጅ ብዙ ጊዜ የሚወድቅበት እዚህ ላይ ነው። ፍሬሽማንን የማለፊያ ዓመት ብቻ አድርጎ ይቆጥረዋል። ውጤቱ ሲለጠፍ የፈለገው ዲፓርትመንት ሞልቶ፣ ያላሰበውን ተመድቦ ያገኘዋል። ስለዚህ ዩኒቨርሲቲ ሲመርጡ ኮተም መኖሩን ብቻ ሳይሆን በዓመት ስንት ተማሪ እንደሚቀበል፣ ያለፈው ዓመት የመጨረሻው ገቢ በስንት ነጥብ እንደገባ መጠየቅ ይገባል። መልሱን የሚያውቁት እዚያው የሚማሩ የሁለተኛና የሦስተኛ ዓመት ልጆች ናቸው። ከግሼ ሄደው የሚማሩ አይጠፉም፤ ስልካቸውን ከቤተሰባቸው ማግኘት ከባድ አይደለም።

አሁን ግቢዎቹ። ለራቤል ልጅ መጀመሪያ የሚመጣው ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ነው። ሥራ የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ነው፤ ኮተምንም ሲቪልንም ያስተምራል። ቅርበቱ ለቤተሰብ ከሚሰጠው እፎይታ ሌላ አንድ ቁም ነገር አለው፦ ደብረ ብርሃን ከተማዋ ራሷ በግንባታ ላይ ናት። ኢንዱስትሪ ፓርኩና ፋብሪካዎቹ በአንድ ከተማ ተሰብስበው ይገኛሉ። በሰሜን ሸዋ ለሚ አካባቢ ደግሞ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ የተመረቀው ለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካ አለ። ለኮንስትራክሽን ተማሪ ሳይት ከግቢ በእግር ወይም በባጃጅ የሚደረስ መሆኑ ቀላል ነገር አይደለም። ግሼ ከደቡብ ወሎ ጋር ስለሚዋሰን የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ያለበት ኮምቦልቻም ከምርጫ የሚወጣ አይደለም። ኮምቦልቻ የቆየች የፋብሪካ ከተማ ናት።

ባሕር ዳር ያለው «ፖሊ» እ.ኤ.አ. በ1963 በሶቪየት ኅብረት እርዳታ ፖሊ ቴክኒክ ኢንስቲትዩት ሆኖ የተከፈተ ነው። በዕድሜም በስምም በአማራ ክልል የሚወዳደረው የለም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ልደታ አካባቢ ሰው «ሕንፃ ኮሌጅ» የሚለው ግቢ አለ። እ.ኤ.አ. በ1954 በኢትዮጵያና በስዊድን ስምምነት የተቋቋመ ሲሆን ከመጀመሪያው ጀምሮ የተተከለው ለግንባታ ቴክኖሎጂ ነው። በኋላ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሥነ ሕንፃ፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ተብሏል። በኢትዮጵያ የግንባታ ትምህርት ታሪክ አንድ ቦታ ጥቀስ ብባል የምጠቅሰው ይህንን ነው። ግን ልብ በሉ፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ሆኗል፣ የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፣ በራሳቸው ክፍያ የሚማሩ ተማሪዎችንም ይቀበላል። አዳማ እና አዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎችም ተማሪ የሚቀበሉት በተለየ ፈተናና ምርጫ ነው። እነዚህን የሚያስብ ልጅ የምዝገባ ቀናቸውን በየራሱ መከታተል አለበት። ማስታወቂያው በኢንተርኔት ወጥቶ በጥቂት ቀን ይዘጋል፤ ኔትወርክ የተቋረጠበት አካባቢ ያለ ልጅ ሳይሰማ ሊያልፈው ይችላል።

ስም ግን ላቦራቶሪ አይሆንም። ግቢውን የጎበኘ ወይም እዚያ ተማሪ የሚያውቅ ሰው ከምንም በፊት ስለ አርማታ ላቦራቶሪው ይጠይቅ። የኮንስትራክሽን ተማሪ አሸዋና ጠጠር ለክቶ፣ ሲሚንቶ አቡክቶ፣ በእያንዳንዱ ጎኑ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነ ኪዩብ ሞልቶ፣ ውኃ ውስጥ አስቀምጦ፣ በ7ኛውና በ28ኛው ቀን በማሽን ሰብሮ ጥንካሬውን ማንበብ አለበት። ይህንን በገዛ እጁ ያደረገ ተማሪ ሳይት ላይ «አርማታው ደህና ነው» የሚል ፎርማን አያታልለውም። ስለዚህ ጥያቄው ማሽኑ አለ ወይ ብቻ መሆን የለበትም፤ ይሠራል ወይ? ሲሚንቶ ይገዛለታል ወይ? ኪዩቡን የሚሞላው ተማሪው ነው ወይስ ሠላሳ ልጅ ከቦ ቆሞ አንድ ቴክኒሻን ሲሞላ ያያል? ሰርቬይንግም እንዲሁ ነው፦ ለስንት ተማሪ ስንት ሌቭል፣ ስንት ቶታል ስቴሽን እንዳለ ይጠየቅ። አውቶካድና ፕሪማቬራ የተባሉትን ሶፍትዌሮች የሚማሩት ኮምፒዩተር ፊት ነው ወይስ በሃንድአውት?

ሁለተኛው መጠየቅ ያለበት ነገር ኢንተርንሺፕ ነው። በምሕንድስና ትምህርት ውስጥ ተማሪው ለወራት ኮንትራክተር ወይም አማካሪ ድርጅት ዘንድ የሚሠራበት ጊዜ አለ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አፈጻጸሙ ግን ከግቢ ግቢ ሰማይና ምድር ነው። አንዳንዱ ዲፓርትመንት ከድርጅቶች ጋር ተነጋግሮ ተማሪውን ይልካል፣ መምህሩም ሳይት ድረስ ሄዶ ያየዋል። አንዳንዱ ደብዳቤ ጽፎ «ፈልግ» ይላል። ዘመድ የሌለው የገጠር ልጅ በዚህ ይጎዳል፤ ፋይል ሲያመላልስ ወይም ጭራሽ ሳይሄድ ማኅተም አስመትቶ ይመለሳል። የመጀመሪያ ሥራቸውን ያገኙ ምሩቃንን ብትጠይቁ ብዙዎቹ ኢንተርንሺፕ የሠሩበትን ድርጅት ስም ይጠሩላችኋል። እኔ ሁለት ግቢ እኩል ከሆኑብኝ የምመርጠው በዚህ ነው።

ሦስተኛው መውጫ ፈተና ነው። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት በሙያው አገር አቀፍ ፈተና ይፈተናል፤ ማለፊያው 50 ከመቶ ነው። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ተፈታኞች 62 በመቶ ያህሉ አለፉ፤ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ገደማ ነበሩ። የተቋሙን ጠቅላላ ውጤት ሳይሆን የዲፓርትመንቱን ውጤት ጠይቁ። አንድ ዩኒቨርሲቲ በጤና ብዙ አሳልፎ በኮተም ሊወድቅ ይችላል።

ስለ ግል ኮሌጆች አጠር አድርጌ ልናገር። ጥሩዎች አሉ። ነገር ግን ዕውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም በጅምላ አይደለም፤ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሚፈቅደው በካምፓስ፣ በፕሮግራምና በደረጃ ለይቶ ነው። አዲስ አበባ ባለው ካምፓሱ ኮተም የተፈቀደለት ኮሌጅ ሌላ ከተማ ባለው ቅርንጫፉ ላይፈቀድለት ይችላል። ባለሥልጣኑ በ2016 እና በ2017 ዓ.ም. የግል ተቋማትን እንደገና ሲመዘግብ መስፈርቱን ያላሟሉ ከሥራ ወጥተዋል። የመጀመሪያውን ክፍያ ከመክፈል በፊት የዚያን ካምፓስና የዚያን ፕሮግራም የፈቃድ ወረቀት አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም፤ ፈቃዱ የሚያበቃበትን ቀንም ማየት ነው። በር ላይ የተሰቀለ ባነር ፈቃድ አይደለም።

ወደ ዘጠና አንዱ ልመለስ። ቴክኒክና ሙያን የወደቀ ልጅ ማረፊያ አድርጎ የሚያየው አስተሳሰብ እኛ ደጋ ላይ ሥር የሰደደ ነው። ለኮንስትራክሽን ግን ይህ አስተሳሰብ ከሌላው ሙያ ሁሉ በበለጠ ያሳስታል። በደብረ ብርሃን ፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ አለ፤ አዲስ አበባ ላይ እንደ ጄኔራል ዊንጌትና ተግባረ እድ ያሉ ስማቸው የቆየ አሉ። ሥልጠናው በደረጃ ነው። ሠልጣኙ ደረጃውን ሲጨርስ ሰው «ሲኦሲ» በሚለው የብቃት ምዘና ይፈተናል፤ ካለፈ ወረቀቱን ይዞ ሥራ ይገባል። ሰርቬየር፣ ፎርማን፣ ፌሮ ሠራተኛ፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ኤሌክትሪሺያን ሳይት ላይ ሁልጊዜ የሚፈለጉ ናቸው፤ ሁለት ዓመት የሠራ ጎበዝ ፎርማን ሥራ ከሌለው አዲስ ዲግሪ ተመራቂ የበለጠ ገቢ ቢኖረው የሚገርም አይደለም። ዲግሪም አይዘጋበትም። ከፍ ባለ ደረጃ ብቁ የሆነ ሰው ወደ ዲግሪ የሚገባባቸው መንገዶች አሉ። አዲስ አበባ ያለው የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት ለኮሌጆች አሠልጣኝ የሚሆኑትን በዲግሪና ከዚያም በላይ ያስተምራል። የመግቢያ መመሪያው በየጊዜው ስለሚሻሻል በጓደኛ ወሬ ሳይሆን በዓመቱ ማስታወቂያ መሄድ ነው።

ገንዘቡንም እንቁጠር። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ በምደባ የገባ ተማሪ በወጪ መጋራት ይማራል፤ ሲመረቅ ሥራ ይዞ ከደመወዙ ይከፍላል፣ ዋናውን የዲግሪ ወረቀት ለመውሰድም ዕዳውን ማጠናቀቅ ይጠየቃል። በየወሩ ከቤት የሚላከው ግን አይቀርም፦ ሳሙና፣ ፎቶ ኮፒ፣ የስልክ ካርድ፣ ትራንስፖርት። ለምሕንድስና ተማሪ ላፕቶፕ ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ ቅንጦት መሆኑ ይቀራል። ቤተሰብ በግ ወይም በሬ መሸጡ ካልቀረ በመጀመሪያው ዓመት ለስልክ ከመሸጥ ለዚያ ማቆየቱ ይሻላል። ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በቀጠለው ግጭት መንገድ የሚዘጋባቸው ጊዜያት ስላሉም ርቀት ከትምህርቱ ጥራት ጋር አብሮ የሚመዘን ሆኗል። ልጅ በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ለፋሲካ መግባት የማይችልበት ግቢና ሰላም በሆነ ቀን ቤቱ የሚደርስበት ግቢ እኩል አይደሉም።

ውጭ አገር ወንድም ወይም እህት ያለው ተማሪ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጠይቃል፦ ይህ ዲግሪ እዚያ ይሠራል? ኢትዮጵያ የዋሽንግተን ስምምነት አባል አይደለችም፤ ስለዚህ የእኛ ምሕንድስና ዲግሪ ሰሜን አሜሪካ ላይ በቀጥታ ተቀባይነት አያገኝም፣ ይገመገማል። ገምጋሚዎቹ የትምህርት ማስረጃው ከዩኒቨርሲቲው ታሽጎ እንዲላክላቸው ይጠይቃሉ፤ ብዙ ጊዜም የየኮርሱን ዝርዝር ይዘት ይፈልጋሉ። ያንን ዝርዝር ከተመረቁ ከስምንት ዓመት በኋላ ከዲፓርትመንት ጸሐፊ መጠየቅ አድካሚ ነው። በየሴሚስተሩ የሚታደለውን የኮርስ አውትላይን ፎቶ አንስቶ በኢሜይል ለራስ መላክ ግን ምንም ያህል ጊዜ አይወስድም።